ፍሬውን ገልብጠሽ አይተሻል?

ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት፣ የርብ ድልድይ ሳይደረስ፣ በመጋቢት ወር የእንጨት ሳጥን ክምር ግራና ቀኝ ይታያል። ሰው ፎገራን የሚያውቀው በሩዙና በከብቱ ነው። ከብቱ በአገሩ ስም የሚጠራ ዝርያ ነው። ሩዙም በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በገበሬ ማኅበራት ማሳ ላይ ሞክረውት የተስፋፋ፣ ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የምርምርና ሥልጠና ማዕከል የቆመለት ሰብል ነው። ቲማቲሙ እንዲህ ያለ ዝና የለውም። ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ሲጠፈፍ ከርብና ከጉማራ ውኃ በሞተር እየተሳበ ከሽንኩርቱ ጋር ይለማል፤ በሳጥን ይሞላል፣ በአይሱዙ ይጫናል፣ ይሄዳል። ዋጋ በወደቀበት ሳምንት ደግሞ የለቃሚ እንኳ አያወጣምና ማሳው ላይ ይቀራል።

በዚያ መንገድ ዳር ሊደረግ የሚችል ጭውውት እነሆ። ተነጋጋሪዎቹን የፈጠራቸው ጸሐፊው ነው፤ የሚነጋገሩበት ጉዳይ ግን ፈጠራ አይደለም። አንደኛው በርብ ዳር ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ሁለተኛዋ ባሕር ዳር ኮምፒውተር የተማረች የእህታቸው ልጅ ናት። ሦስተኛዋ ደግሞ በቀን ሥራ ቲማቲም የምትለይ፣ ልጅቷ «እትዬ» የምትላት ሴት ናት።

ልጅቷ ስልኳን ወደ አንዲት ፍሬ አስጠግታ ፎቶ አነሣች።

«እንግዲህ ጋሼ፣ የምሠራው ፕሮግራም ይህን ፎቶ አይቶ ፍሬው ጤነኛ ነው ወይም እንከን አለው ይላል።»

«እንከን ስትይ የቱን ነው?» አሉ አጎትየው።

«ያው እንከን ነዋ!»

አጎትየው ከተጣለው ክምር አምስት ፍሬ መርጠው ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ደረደሩላት። የመጀመሪያው አንድ ጎኑ ነጥቶ ሳስቷል፤ ቅጠል ሳይሸፍነው ቀርቶ ፀሐይ የመታው ነው። ሁለተኛው ከእጀታው ጀምሮ ተሰንጥቋል። ሦስተኛው እጀታው ሥር መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ አለችው። አራተኛው ከላይ ሲታይ ያማረ ነው፤ ሲገለበጥ ግን ታችኛው ጫፉ ጠቁሮ ሰርጉዷል። አምስተኛው ላይ ምንም አይታይም።

«ይሄኛውስ ምን ሆነ?»

«ዛሬ ጧት ሲጫን ወድቋል። እስከ ነገ ማታ ብታቆይው ይነግርሻል። ለእኔ እነዚህ አምስቱ አምስት ነገር ናቸው። ለደላላው ግን ሁሉም አንድ ናቸው፤ 'ጥራቱ ወርዷል፣ ዋጋ ቀንስ' ነው የሚለኝ።»

የነገሩ አስኳል እዚህ ላይ ነው። «ጤነኛ» እና «እንከን ያለው» ብሎ ብቻ የሚለይ ፕሮግራም ለመሥራት ይቀላል፤ የሚያገለግለው ግን ገዢውን ነው። ለአልሚው የሚጠቅመው እንከኑን በስሙ የሚጠራ፣ ከየት እንደመጣም የሚጠቁም ነው። ሁለቱም ያው ካሜራ፣ ያው ስሌት ነው። የሚለያያቸው ማሽኑን ሲያስተምሩት ፎቶዎቹ ምን ስም እንደተሰጣቸው ነው።

ልጅቷ ማሽኑ እንዴት እንደሚማር ባጭሩ አስረዳቻቸው። ለኮምፒውተር ፎቶ ማለት የቁጥር ሠንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ ስንት ቀይ፣ ስንት አረንጓዴና ስንት ሰማያዊ ብርሃን እንዳላት በሦስት ቁጥር ትጻፋለች። «የተሰነጠቀ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ ሕግ የሚጽፍለት የለም። ሰው አስቀድሞ ስም የሰጣቸው ሺህ ምንተሺህ ፎቶዎች ይቀርቡለታል፤ ይገምታል፣ ሲስት የውስጥ ቁጥሮቹ በጥቂቱ ይስተካከላሉ፣ እንደገና ይገምታል። በመጀመሪያ ጠርዝና ቀለም፣ ቀጥሎ ነጠብጣብ፣ በመጨረሻም ሙሉ ቅርጽ መለየት ይለምዳል። ዘዴው የትናንት አይደለም። ያን ለኩን የተባለው ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ የፖስታ ኤንቨሎፕ ላይ በእጅ የተጻፉ ቁጥሮችን አስነብበውበታል። በ2012 ኢሜጅኔት በተባለው የምስል መለየት ውድድር ሌሎቹን ሁሉ በሰፊ ልዩነት ከረታ ወዲህ ነው ከሐኪም ቤት እስከ ፍራፍሬ ማሸጊያ የገባው።

«ስም የሚሰጡት እነማን ናቸው?» አሉ አጎትየው።

«አብዛኛውን ጊዜ እኛው ተማሪዎቹ።»

«ከእናንተ ውስጥ ቲማቲም ያለማ አለ?»

ልጅቷ ሳቀች እንጂ መልስ አልሰጠችም። ወሬውን ወደ ሌላ መለሰችው። «ይልቅ ከኛ በፊት የተሠራውን ላጫውትዎት፤ ያውም ዝነኛ ነው።»

የምታወራው ፕላንትቪሌጅ ስለተባለው የቅጠል ፎቶዎች ክምችት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በስዊዘርላንድና በአሜሪካ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በዚህ ስም ከተሰበሰቡ 54,306 ፎቶዎች 14 የሰብል ዓይነቶችንና 26 በሽታዎችን የሚለይ ፕሮግራም አሠለጠኑ። ከዚያው ክምችት ለፈተና ተለይተው በተቀመጡ ፎቶዎች ሲሞከር 99.35 በመቶ ልክ ሆነ። ይህ ቁጥር ዓለምን ዞረ፤ በየዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፍ መግቢያ ሆነ። እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ያለው ሌላው ቁጥር ግን ያን ያህል አልተወራለትም። ከሌላ ቦታ በተገኙ፣ በሌላ ሁኔታ በተነሡ ፎቶዎች ሲሞከር ልክነቱ 31 በመቶ ገደማ ነበር።

«ምን ነክቶት እንዲህ ወረደ?»

«ቅጠሎቹ ተቀጥፈው፣ አንድ ዓይነት መደብ ላይ ለብቻ ለብቻ ተነጥፈው ነው ፎቶ የተነሡት። ማሳ ላይ እኮ ጥላ አለ፣ አቧራ አለ፣ አንዱ ቅጠል ሌላውን ይሸፍናል። በ2022 ደግሞ አንድ ተመራማሪ ምን አደረገ መሰለዎት! ከያንዳንዱ ፎቶ ቅጠሉን ትቶ፣ ከጀርባው መደብ ስምንት ነጥብ ብቻ ወስዶ ማሽኑን አስተማረው። በነዚያ ስምንት ነጥቦች ብቻ 49 በመቶውን በትክክል መለሰ። በግምት ቢሆን የሚያገኘው 2.6 በመቶ ነበር።»

«ቅጠሉን ሳያይ?»

«ቅጠሉን ሳያይ።»

«ታዲያ ያወቀው በሽታውን ሳይሆን ፎቶ የተነሣበትን ጠረጴዛ ነዋ!»

አጎትየው አልተሳሳቱም። የአንድ በሽታ ቅጠሎች ባንድ ጊዜ፣ ባንድ ብርሃን ሲነሡ መደቡም ከበሽታው ጋር አብሮ ምልክት ይሆናል፤ ማሽኑም የቀለለውን መንገድ ይይዛል። ለፎገራ ደግሞ ሌላም ችግር አለ። ከ54,306ቱ ፎቶዎች መካከል የቲማቲም ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን ቅጠል እንጂ አንዲትም ፍሬ የለችበትም። በዚህ ክምችት ብቻ የተማረ ፕሮግራም ሳጥን ውስጥ ስላለው ነገር የሚያውቀው የለም።

ማሽን ያላየውን እንደማያውቅ በሰው ፊትም ተፈትኗል። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ጥናት፣ በገበያ ላይ የነበሩ ሦስት የፊት መለያ ፕሮግራሞች ጾታን ሲለዩ ምን ያህል እንደሚስቱ ለካች። ቆዳቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከ0.8 በመቶ አላለፈም፤ ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ልጅቷ ይህን ስትነግራቸው አጎትየው ጥቂት አሰቡና «ለሰው ፊት እንዲህ ከሆነ ለፎገራ ቲማቲም ማን ይጨነቃል?» አሉ።

ከዚያ አራተኛዋን ፍሬ አነሡ።

«ፍሬውን ገልብጠሽ አይተሻል?»

«አሁን ሲያሳዩኝ ነው ያየሁት።»

«ስልክሽ ያነሣት ከላይ ነው። ከላይ ደግሞ ምንም አይወጣላትም።»

ይህች ፍሬ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባታል። ጫፏ የጠቆረው ተባይ በልቷት ወይም ሻጋታ ይዟት አይደለም፤ ሻጋታው ቢመጣም ኋላ የሚከተል ነው። ካልሲየም አልደረሳትም። ካልሲየም በተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከውኃ ጋር ነው፤ ቅጠል ብዙ ውኃ ስለሚያተን ወደራሱ ይስበዋል፣ ፍሬ ግን የሚያተነው ጥቂት በመሆኑ የሚደርሰውም ጥቂት ነው። ከእጀታው የራቀው ጫፍ ደግሞ ከሁሉ ያነሰውን ያገኛል። ስለዚህ አፈሩ ካልሲየም ሞልቶትም፣ የፎገራ ጥቁር ዋልካ በዚህ አይታማም፣ ውኃው ሲቆራረጥ ፍሬው ይራባል። የሞተሩ ነዳጅ ያልቃል፣ የውኃ ተራ ይዛባል፣ መሬቱ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ባንድ ቀን ይጥለቀለቃል። ያቺ ከእጀታዋ የተሰነጠቀችው ሁለተኛዋ ፍሬም የዚሁ የውኃ መዋዠቅ ልጅ ናት። መፍትሔው ሳይበዛ ሳያንስ፣ ቀኑን ጠብቆ ማጠጣት ነው። የፈንገስ መድኃኒት ቢረጩበት ገንዘቡ ይሄዳል እንጂ ጫፉ አይድንም።

«እኛ ግን እንረጫለን» አሉ አጎትየው። «የጠቆረ ነገር ይዘሽ መድኃኒት መሸጫ ከሄድሽ ባዶ እጅሽን አትመለሺም። ስልክሽም 'በሽታ' ካለኝ ያንኑ ነው የምገዛው። 'ውኃህን አስተካክል' ካለኝ ግን ከብዙ ወጪ አዳነኝ።»

«ስለዚህ ፎቶው ላይ 'በሽታ' ብዬ ስም ልሰጠው አልችልማ።»

«ምን በወጣሽ!»

የሦስተኛዋ ፍሬ ነገር የተገላቢጦሽ ነው፤ ለእርሷ የፍሬ ፎቶ የዘገየ ነው። ቀዳዳዋን የሠራት ገበሬው በአጭሩ «ቱታ» የሚለው ቱታ አብሶሉታ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨ ትንሽ ግራጫ የእሳት ራት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን፣ በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ትሉ በቅጠሉ ሁለት ቆዳዎች መካከል እየሰረሰረ ስለሚኖር ርጭት በቀላሉ አያገኘውም፤ በየአገሩ መድኃኒት የለመደ ቱታም ተገኝቷል። ፍሬ ላይ ቀዳዳ ከታየ ትሉ ቅጠሉን አዳርሶታል ማለት ነው። ለቱታ የሚበጀው ፎቶ ሳጥኑ አጠገብ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ቅጠሉ ላይ ያ ነጣ ያለ መስመር ሲጀምር ማሳ ውስጥ የሚነሣው ነው። እንከን መለየት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የመጨረሻውን ጠረጴዛ ነው፤ እዚያ ሲደረስ ግን አልሚው ሊያደርገው የሚችለው ነገር አብቅቷል።

አምስተኛዋን ፍሬ መለየት የምትችለው ግን ሴትየዋ ብቻ ናት። እስካሁን ዝም ብላ ሳጥን ስትሞላ ነበር።

«እኔ ስይዛት አውቃታለሁ» አለች። «ትለሰልሳለች። ዓይንማ ምን ያያል?»

«ማሽንም በተራ ካሜራ አያያትም፣ እትዬ» አለች ልጅቷ። «ሌላ ዓይነት ካሜራ ይፈልጋል።»

የስልክ ካሜራ የሰው ዓይን የሚያየውን ብርሃን ብቻ እንዲያነብ የተሠራ ነው። ከቀይ ቀጥሎ ዓይን የማይደርስበት ብርሃን አለ፤ በሞገድ ርዝመት ከ700 ናኖሜትር ጀምሮ ያለው ይህ ክፍል የፍሬውን ልጣጭ አልፎ ጥቂት ወደ ውስጥ ይገባል። ውኃ በ970 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ይውጣል። ፍሬ ሲወድቅ የውስጥ ሕዋሶቹ ይፈርጡና ውኃቸው ይፈሳል፤ ስለዚህ ላዩ ገና ቀይና ደኅና መስሎ ሳለ የተመታው ቦታ በዚህ ብርሃን ለየት ብሎ ይታያል። ሦስት ቁጥር በመመዝገብ ፈንታ ለእያንዳንዷ ነጥብ በመቶ የሚቆጠሩ የብርሃን ዓይነቶችን የሚለኩ ካሜራዎችም አሉ። በትልልቅ ማሸጊያ ፋብሪካዎች ፍሬው በሚሽከረከሩ ሮለሮች ላይ እየተንከባለለ፣ ብርሃኑ በተለካ ሣጥን ውስጥ አልፎ፣ ከሁሉ ጎኑ ፎቶ ይነሣል፤ ታችኛው ጫፍ ተደብቆ የሚቀርበት መንገድ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ቡናና ሰሊጥ የሚያበጥሩ ድርጅቶችም ከዚህ ቀለል ያለውን ይጠቀማሉ። ፍሬው ሲወርድ ካሜራ ያየዋል፣ የጠቆረው በቀጭን የአየር ምት ከመንገዱ ይወጣል። ለቲማቲም ግን በእርጋታ የሚያዞረው ይሻላል።

«ያን የሚያህል ማሽን እዚህ ማን ያመጣዋል?»

«ማንም። እዚህ ያለው የእትዬ እጅ ነው። እርሷ የለየችውን እኔ ፎቶ አንሥቼ፣ እርሷ ያለችውን ስም ብሰጠው ግን ማሽኑ ከተማሪ ሳይሆን ከባለሙያ ተማረ ማለት ነው።»

ሴትየዋ ቀና አለች። «ላስተምርልሽ ነው? ይከፈለኛል?»

«ይከፈልሻል።»

«ከተማረ በኋላስ እኔ ምን ልሠራ?»

ጥያቄው ባዶ ስጋት አይደለም። በካሊፎርኒያ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፈለሰፉት የቲማቲም ማጨጃ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማሳ ገባ። መጀመሪያ ላይ የሚለዩ ሠራተኞች ማሽኑ ላይ ቆመው አረንጓዴውንና የበሰበሰውን ይለቅሙ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ቀለም የሚለይ የኤሌክትሮኒክ ዓይን ተገጠመለትና የብዙዎቹ ቦታ ጠፋ። በ1979 ለገጠር ሠራተኞች የሚሟገት የሕግ ድርጅት፣ በሕዝብ ገንዘብ የሠራተኛ እንጀራ የሚነጥቅ ምርምር ተደርጓል ብሎ ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰ። ፎገራ ላይ ነገሩ ለጊዜው ሌላ ነው። ማሳው ጠባብ፣ የቀን ሠራተኛው ብዙ ነው፤ የሚመጣውም ስልክ ነው፣ ስልክ ደግሞ ሳጥን አይሞላም። ሆኖም «ለጊዜው» የሚለው ቃል ለሴትየዋ ብዙ ዋስትና አይሰጥም፤ ልጅቷም ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበራትም።

አጎትየው ግን ሐሳባቸው ሌላ ጋ ነው። «ልክነቱን በመቶኛ ነው የምትናገሩት አይደል? 95 በመቶ ልክ ነው ቢሉኝ ልመን?»

«እንዳያምኑ! ከ100 ቲማቲም አምስቱ እንከን አላቸው እንበል። ዓይኑን ጨፍኖ ሁሉንም 'ጤነኛ' የሚል ፕሮግራም 95 በመቶ ልክ ነው።»

«አምስቱንም ሳያገኝ?»

«አንዱንም ሳያገኝ። መጠየቅ ያለብዎት ሁለት ነገር ነው። ካሉት እንከኖች ስንቱን አገኘ? እንከን ነው ካለውስ ስንቱ እውነት እንከን ነው?»

ሁለቱ ስሕተቶች ዋጋቸው እኩል አይደለም፤ የሚከፍለውም ሰው አንድ አይደለም። የላላ ፍሬ ሳያዩት ሳጥን ውስጥ ቢገባ፣ አይሱዙው አዲስ አበባ እስኪደርስ ፈስሶ ጎረቤቶቹን ያበላሻል፤ ኪሳራው የነጋዴው ነው። ጤነኛው እንከን አለው ተብሎ ቢጣል ኪሳራው የአልሚው ነው። ፕሮግራሙ «እንከን» ለማለት ምን ያህል እርግጠኛ መሆን እንዳለበት የሚወስን አንድ ቁጥር አለ። ያን ቁጥር የሚያስተካክለው የማሽኑ ባለቤት ነው፤ ስለዚህ ገለልተኛ ዓይን የሚባል ነገር የለም።

«ይኸውልሽ፣ ደላላው ይህን ስልክ ከያዘ እኔ ምን እመልስለታለሁ? ዛሬ 'ጥራቱ ወርዷል' ሲለኝ እከራከረዋለሁ። ነገ 'ማሽኑ ነው ያለው' ይለኛል።»

ልጅቷ የቡናን ነገር አነሣች። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና ደረጃ የሚወጣው በተጻፈ መለኪያ ነው። ከመቶው 40 ነጥብ ለጥሬ ፍሬው፣ 60 ለቅምሻው ይሰጣል፤ ናሙናውም በስም ሳይሆን በኮድ ስለሚቀርብ ቀማሹ የማን ቡና እንደሆነ አያውቅም። ቡና ግን መጋዘን ውስጥ ይጠብቃል። ርብ ዳር የተለቀመ ቲማቲም ክርክር እስኪያልቅ አይቆይም፤ የሚሸጠውም መንገድ ዳር፣ በዓይን፣ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የቲማቲምን መቅላት እንኳ ከአረንጓዴ እስከ ቀይ በስድስት ደረጃ ጽፎታል፤ ከፊቱ ምን ያህሉ ሲቀላ ከየትኛው ደረጃ እንደሚገባ ገዢም ሻጭም ያውቃሉ። ስልክ ያለ እንዲህ ያለ የጋራ ጽሑፍ ቢገባ የደላላውን ቃል በቁጥር አስውቦ ከመድገም አያልፍም።

«እንግዲያው የምጠይቅሽ ይህን ነው» አሉ አጎትየው። «እርሱ የሚያየው እኔም ይታየኝ። እንከን አለ ካለ የትኛው እንደሆነ በስሙ ይጻፍ፤ ከስንቱ ስንቱ እንደሆነም ይጻፍ። ፀሐይ የመታው ለወጥ ይሆናል፣ ቱታ የበላው አይሆንም፤ ሁለቱን ባንድ ዋጋ አልሸጥም።»

ልጅቷ ስልኳ ላይ መጻፍ ጀመረች። የጻፈችው ባሕር ዳር ሆና ካሰበችው ይረዝማል፤ ስሞቹም ሁለት ሳይሆኑ ስድስት ሆነዋል፣ «ጤነኛ» ስድስተኛው ነው።

«ከየትኛው ማሳ እንጀምር?» አለች።

«ከዳርኛው፤ ነገ የውኃ ተራዬ ነው። ሳላጠጣ አንሺ፣ ካጠጣሁ በኋላም በየቀኑ ያንኑ ተክል አንሺ። ጧትም፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆንም፣ ጥላ ሲያርፍበትም ይሁን።»

«ኔትወርኩ ሲጠፋስ?» አለች ሴትየዋ፤ ከሦስቱ ሁሉ ስለ ስልክ በደንብ የምታውቅ ትመስላለች።

«ፕሮግራሙ አንዴ ስልኩ ላይ ከተጫነ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ እትዬ። ፎቶዎቹን ወረታ ስገባ እልካቸዋለሁ።»

«በይ እንግዲህ ነገ በጧት ነይ» አሉ አጎትየው። «የተበላሸውን ብቻ እየመረጥሽ እንዳታነሺ። ደኅናውንም አንሺ፣ ታችኛውንም ጫፍ።»